ከጊች እስከ ኡሜኦ፦ የአእምሮ ሕክምናን ለመማር ባሕር የተሻገሩ ኢትዮጵያውያን

እስቲ ለአንድ አፍታ ይህን አስቡት። ዓመቱ 1980 ነው እንበል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቦታው ጊች ነው፤ በሰሜን ተራሮች ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት መንደር። ሰዉ ገብስ ይዘራል፣ በግ ያረባል፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው። በአንድ ቤት ውስጥ የሃያ ዓመት ልጅ እንቅልፍ አጥቷል። ለሌላ ሰው ከማይታይ ሰው ጋር ያወራል። እናቱ ያቀረበችለትን እህል "መርዝ አለበት" ብሎ ይመልሳል። እርሻውን ትቷል፤ ሌሊት ሌሊት ከቤት እየወጣ ገደሉ አፋፍ ላይ ይቆማል።

ቤተሰቡ ምን ያድርግ? የጊች ሰዎች አብዛኞቹ ሙስሊሞች ስለሆኑ መጀመሪያ ሼሁ ዘንድ ሄደው ዱዓ ያስደርጉለታል። ቤተሰቡ ክርስቲያን ቢሆን ኖሮ ጠበል ይወስዱት ነበር። ከዚያስ? ሐኪም እንፈልግ ቢሉ መንገዱ በበቅሎ ወደ ደባርቅ ይወርዳል፤ ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጎንደር ሲደርሱ ግን ገና መጀመራቸው ነው፤ ምክንያቱም በዚያን ጊዜ የአገሪቱ ዋና የአእምሮ ሆስፒታል የነበረው አዲስ አበባ ነው፤ አማኑኤል። ከደባርቅ ሲቆጠር ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል።

ይህን ቤተሰብ እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ርቀቱ ግን እውነተኛ ነው። ደግሞ ሌላ ርቀት አለ፦ ያ ልጅ አማኑኤል ቢደርስ እንኳ የሚያክመው ሐኪም ትምህርቱን ያገኘው የት ነው? መልሱ ለረጅም ጊዜ አንድ ነበር፤ ባሕር ማዶ። የዛሬው ታሪካችን ስለዚያ ጉዞ ነው። ብዙዎቻችሁ የውጭ የትምህርት ዕድል ማስታወቂያ እያሳደዳችሁ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ታሪኩ እናንተንም ይመለከታል።

ሳይወድ የሄደው የጎንደር ልጅ

ዘመናዊ ሕክምና ተምሮ ሐኪም የሆነው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የተወለደው ጎንደር ነው፤ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ። የውጭ ትምህርት ዕድሉን ግን አመልክቶ አላገኘውም። በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስን ካሸነፈ በኋላ ገና ሕፃን የነበረውን ወርቅነህን አንድ መኮንን ወደ ሕንድ ይዞት ሄደ። እዚያ ቻርልስ ማርቲን የሚል ስም ወጣለት። ላሆር በሚገኝ የሕክምና ትምህርት ቤት ተምሮ በ1882 ተመረቀ፤ ከዚያም በበርማ በእንግሊዝ መንግሥት ሥር አገለገለ።

ከአድዋ ድል በኋላ ወርቅነህ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ቤተሰቦቹ በሰውነቱ ላይ ባለ የልጅነት ጠባሳ እንዳወቁት ይነገራል። አማርኛውን ግን አጥቶት ነበር። በአገሩ ሰው መካከል የሚያስተረጉምለት ሰው የሚያስፈልገው ሐኪም ሆነ።

አሁን እዚህ ላይ ቆም በሉ። አማርኛ የማያውቅ ሐኪም የተሰበረ እግር መጠገን ይችላል? ይችላል። የጥይት ቁስል ማጠብ፣ ማሰር? እሱንም ይችላል። ከላይ ያነሳነውን የጊች ልጅ መመርመርስ?

እዚህ ላይ የአእምሮ ሕክምና ከሌሎቹ ይለያል። ሳንባን በስቴቶስኮፕ ታዳምጣላችሁ፤ ደምን በማይክሮስኮፕ ታያላችሁ። ድባቴን ወይም ስኪዞፍሬኒያን ግን እስከ ዛሬ ድረስ በደም ምርመራ መለየት አይቻልም። ሐኪሙ የሚሠራው በመጠየቅ፣ በማዳመጥና በመመልከት ነው። ዋናው የምርመራ መሣሪያ ጭውውት ነው። አንድ ሰው "ሆዴን ባር ባር አለኝ" ሲላችሁ ሆዱን እንዳላመመው ታውቃላችሁ አይደል? ይህን ግን አማርኛ የማይችል ሐኪም ምናልባት የጨጓራ መድኃኒት ያዝለት ይሆናል።

ሌላም አለ። "መንፈስ አናገረኝ" የሚል ሰው ታሟል ወይስ በአካባቢው የተለመደ የእምነት ንግግር ነው የተናገረው? ይህን ለመለየት መጽሐፍ ብቻ አይበቃም። የሰፈሩ ሰው የትኛውን እንደ ጤና፣ የትኛውን እንደ ሕመም እንደሚያይ ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ የአእምሮ ሕክምናን ውጭ አገር የሚማር ተማሪ ድርብ ሥራ አለበት፦ እዚያ የተማረውን አገሩ ሲመለስ እንደ አዲስ መፈተን።

እንግዶቹ መምህራን

አዲስ አበባ ላይ የሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው በ1960ዎቹ ነው። ከዚያ በፊት ሐኪም መሆን የፈለገ ኢትዮጵያዊ የግድ ወደ ውጭ መሄድ ነበረበት፤ ብዙዎች ለምሳሌ ቤይሩት በሚገኘው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተምረዋል። ፋኩልቲው ከተከፈተ በኋላም ስፔሻላይዝ ለማድረግ የሚፈልግ ሰው ሻንጣውን ማዘጋጀቱ አልቀረም። በደርግ ዘመን ደግሞ መንገዱ ወደ ሶቭየት ኅብረት፣ ወደ ምሥራቅ ጀርመንና ወደ ሌሎች ሶሻሊስት አገሮች ዞረ።

በ1960ዎቹ ሮበርት ጊል የሚባል የሆላንድ ሳይካትሪስት አዲስ አበባ መጥቶ ነበር። ይህ ሰው ክሊኒኩ ውስጥ ተቀምጦ በሽተኛ መጠበቅ ብቻ አልፈለገም። ከባልደረቦቹ ጋር ወደ ትንንሽ ከተሞች ወጥቶ ሰው እንዴት እንደሚታመምና እርዳታ የት እንደሚፈልግ ማጥናት ጀመረ። በዚያን ጊዜ ግዮን በምትባለው በወሊሶ ስለሚደረግ የእምነት ፈውስ የጻፉት ጥናት በ1968 ታትሟል። በዘመኑ ብዙ የአውሮፓ ምሁራን "የአእምሮ ሕመም የሠለጠነው ዓለም ችግር ነው፤ ገጠር ያለ አፍሪካዊ ብዙም አይጨነቅም" ብለው ያስቡ ስለነበር፣ እዚያው ሄዶ ማየቱ ቀላል ነገር አልነበረም።

በ1987 ደግሞ አማኑኤል ሆስፒታል ውስጥ ነርሶችን በአእምሮ ሕክምና ማሠልጠን ተጀመረ። ሥልጠናውን የጨረሱት ነርሶች ወደየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታሎች ተመደቡ። ለብዙ ዓመታት ከአዲስ አበባ ውጭ ለነበረ ኢትዮጵያዊ "የአእምሮ ሐኪም" ማለት እነዚህ ነርሶች ነበሩ። ስማቸው በታሪክ መጽሐፍ ብዙም አይነሳም፤ ሥራቸው ግን ያን የ800 ኪሎ ሜትር መንገድ ለብዙ ቤተሰብ አሳጥሯል።

ግማሹ ኡሜኦ፣ ግማሹ ቡታጅራ

አሁን ወደ ሰሜን እንሂድ፤ ወደ ሰሜን ተራሮች ሳይሆን ወደ ሰሜን ስዊድን። ኡሜኦ ትባላለች። በክረምት ፀሐይ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ብቅ ብላ የምትጠፋባት፣ በረዶ የሞላባት የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። ከ1980ዎቹ ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ አብረው መሥራት ጀመሩ። የትብብሩ መሬት ደግሞ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ቡታጅራ ሆነች።

አሠራሩ "ሳንድዊች" ይባላል። ለምን መሰላችሁ? የዶክትሬት ተማሪው ጥቂት ወራት ኡሜኦ ሄዶ ኮርስ ይወስዳል፤ ከዚያ ተመልሶ አገሩ ውስጥ መረጃ ይሰበስባል፤ እንደገና ሄዶ ይተነትናል። ለአምስት ዓመት ጠፍቶ አይቀርም። ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚመራመርበት ጥያቄ የስዊድን ጥያቄ አይደለም፤ የቡታጅራ ነው።

በዚህ መንገድ ከተማሩት አንዱ ሳይካትሪስቱ አታላይ ዓለም ነው። በ1997 ኡሜኦ ላይ ያቀረበው የዶክትሬት ሥራ በገጠር ኢትዮጵያ ስላለው የአእምሮ ጤና ነበር። እሱና ባልደረቦቹ ቡታጅራ አካባቢ ከ10,000 በላይ አዋቂዎችን ጠየቁ። የተጠቀሙት የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውን 20 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ ነው። ጥያቄዎቹ ቀላል ይመስላሉ፦ ራስዎን ያምዎታል? እንቅልፍ ያስቸግርዎታል? የምግብ ፍላጎትዎ ቀንሷል? ከወትሮው በላይ ያለቅሳሉ? መልሱ "አዎ" ወይም "አይ" ነው። ውጤቱ ሲደመር ከ100 ሰው 17 ያህሉ የአእምሮ ጭንቀት ምልክት ታይቶባቸዋል። (ልብ በሉ፤ ጭንቀት አለበት ማለት የአእምሮ በሽተኛ ነው ማለት አይደለም።) "ገጠር ውስጥ ጭንቀት የለም" የሚለው አሳብ እዚህ ላይ ወደቀ።

ቀጥሎ የመጣው ሥራ ደግሞ የበለጠ ከባድ ነበር። ከ1998 ጀምሮ ደረጀ ከበደ፣ አታላይ ዓለም፣ ተሾመ ሽብሬና ሌሎችም ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ለማግኘት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ ከ68,000 በላይ ሰዎችን ቤት ለቤት ዳሰሱ። እዚህ ላይ አንድ ብልሃት ተጠቀሙ። ከውጭ የመጣውን ረጅም መጠይቅ ብቻ አላመኑም፤ የአካባቢውን ሰው የሚያውቁ ሰዎችንም "በመንደራችሁ እንዲህ ያለ ሁኔታ ያለበት ሰው ታውቃላችሁ?" ብለው ጠየቁ። ሁለቱ መንገዶች ተደጋገፉ፤ አንዱ ያመለጠውን ሌላው ያዘው። ለምን መሰላችሁ? ስኪዞፍሬኒያ ያለበት ሰው ስለራሱ ሲጠየቅ "እኔ ደህና ነኝ" ሊል ይችላል፤ ጎረቤት ግን ያውቃል።

መጽሐፉን ያረመችው ቡታጅራ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን።

በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የዓለም ጤና ድርጅት በብዙ አገሮች ስኪዞፍሬኒያን አጥንቶ ነበር። ከናይጄሪያ ኢባዳን፣ ከሕንድ ደግሞ አግራ ተካተው ነበር። ውጤቱ ዓለምን አስገረመ፦ በድሃ አገሮች ያሉ ሕሙማን ከሀብታሞቹ አገር ሕሙማን ይልቅ በተሻለ ሁኔታ ያገግማሉ የሚል ነበር። ይህ አሳብ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ገባ። ውጭ አገር የሄደ አፍሪካዊ ተማሪም ይህንኑ ተምሮ ይመለስ ነበር።

ደስ የሚል አሳብ ነው፤ የዘመድ ፍቅር፣ ዕድር፣ ማኅበራዊ ኑሮ ያድናል ማለት ነውና። ነገር ግን አደጋ አለው። ሰው በራሱ ጊዜ የሚድን ከሆነ ለምን ክሊኒክ ይከፈታል? ለምን መድኃኒት ይገዛል?

የቡታጅራ ተመራማሪዎች ያገኟቸው ሕሙማን አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም። ተመራማሪዎቹ እነዚህን ሰዎች ከሦስት ዓመት በላይ ተከታተሏቸው። በ2009 የታተመው ውጤት እንዲህ ይላል፦ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ሕመሙ ያለማቋረጥ ጸንቶባቸዋል። በክትትሉ ዘመን ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ደህና ሆነው የቆዩት ከ100 ሰው 6 እንኳ አይሞሉም።

ልዩነቱ ከየት መጣ? አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው። የቀድሞዎቹ ጥናቶች በብዛት የተመለከቱት ራሳቸው ወደ ሕክምና የመጡ ሰዎችን ነበር። የቡታጅራው ግን ቤት ለቤት ሄዶ ክሊኒክ ደጃፍ ደርሰው የማያውቁትን ነው ያገኘው። ጓዳ ውስጥ የተቀመጠ፣ አንዳንዴም የታሰረ ሰው ሆስፒታል በር ላይ ተቀምጦ ለሚጠብቅ ተመራማሪ አይታየውም።

የኡሜኦ ትምህርት ባይኖር ይህ ጥናት አይሠራም ነበር፤ የመለካት ብልሃቱ የመጣው ከዚያ ነው። ተማሪዎቹ ስዊድን ቢቀሩም አይሠራም ነበር። መጽሐፉን አክብረው ተማሩት፤ ከዚያ አገራቸው ወስደው ፈተኑት፤ አልገጠመም ብለው ደግሞ ጻፉ። የውጭ ትምህርት ዋጋው እዚህ ላይ ይመስለኛል፦ መልስ ይዞ በመምጣት ሳይሆን የገዛ አገርን ጥያቄ በጥንቃቄ መጠየቅ በመቻል።

11 ሰው ለ70 ሚሊዮን

ነገር ግን አንድ ትልቅ ችግር አለ፤ የሄደው ሁሉ አልተመለሰም። ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ጦርነት፣ የፖለቲካ ስደት፣ ዝቅተኛ ደመወዝ፣ የቤተሰብ ኑሮ፤ ምክንያቱ ብዙ ነው። ውጤቱ ግን አንድ ነው፦ በ2003 ኢትዮጵያ ለ70 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ የነበሯት ሳይካትሪስቶች 11 ብቻ ነበሩ።

በዚያው ዓመት አሠራሩ ተገለበጠ። ተማሪው ወደ መምህሩ ከሚሄድ መምህሩ ወደ ተማሪው ይምጣ ተባለ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በካናዳው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ትብብር፣ በአታላይ ዓለም፣ በመስፍን አርአያ፣ በክሌር ፔይንና በሌሎች ጥረት፣ የሦስት ዓመት የሳይካትሪ ስፔሻሊቲ ትምህርት አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ። የቶሮንቶ መምህራን በዓመት ሦስት ጊዜ እየመጡ አንድ አንድ ወር ያስተምሩ ነበር፤ በቀረው ጊዜ ኢትዮጵያውያኑ ያስተምራሉ። ሰልጣኞቹ የሚያክሙት የአገራቸውን ሕሙማን በአገራቸው ቋንቋ ስለሆነ፣ እንግዶቹ መምህራንም ብዙ ነገር ከተማሪዎቻቸው መማራቸው አልቀረም። ከዚያ የተመረቁት አብዛኞቹ አገር ውስጥ ቀርተው እየሠሩ ነው፤ አንዳንዶቹም በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች የሳይካትሪ ክፍል አቋቁመዋል። ጥቂት ዓመት ቆይቶ በአእምሮ ጤና የዶክትሬት ትምህርትም አዲስ አበባ ላይ ተጀመረ።

ሌላ ሥራም ልንገራችሁ። አበባው ፈቃዱ፣ ሻርሎት ሃንሎንና ባልደረቦቻቸው የጠየቁት ጥያቄ ይህ ነው፦ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበትን ሰው አጭር ሥልጠና የወሰዱ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች መከታተል ይችላሉ ወይስ የግድ ሆስፒታል ያለ የሳይካትሪ ነርስ ያስፈልጋል? በ2022 የታተመው ውጤት የጤና ጣቢያው ክትትል ከሆስፒታሉ አያንስም ብሏል። ይህ ለጊች ዓይነት መንደር ምን ማለት እንደሆነ ገባችሁ አይደል?

ተማሪውስ?

ስለ ተማሪው ራሱ ሳናነሳ እንዳናልፍ። ባሕር ማዶ መኖር በራሱ የአእምሮ ጤና ጉዳይ ነው። ኃይሌ ፈንታና ባልደረቦቹ ቶሮንቶ በሚኖሩ 342 ኢትዮጵያውያን ላይ ባደረጉትና በ2004 በታተመው ጥናት፣ ከ100 ሰው ወደ 10 የሚጠጉት በሕይወታቸው ድባቴ ይዟቸው ያውቃል። ይህ በደቡብ ኢትዮጵያ ከተገመተው ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ጥናቱ የተሠራው በስደተኞችና ወደዚያ ሄደው በሚኖሩ ሰዎች ላይ እንጂ በተማሪዎች ላይ አይደለም። ትምህርቱ ግን ለተማሪም ይሆናል።

ስለዚህ ዕድሉ ደርሷችሁ ብትሄዱ፣ መጀመሪያው ክረምት ላይ እንቅልፍ ብታጡ፣ ምግቡ አልዋጥ ቢላችሁ፣ ክፍል ገብታችሁ ምንም ነገር ባይገባችሁ፣ ስንፍና ነው ብላችሁ ራሳችሁን አትውቀሱ። ዩኒቨርሲቲዎች ለተማሪ የምክር አገልግሎት አላቸው፤ ሄዶ መጠየቅ ነውር የለውም። አገር ቤት ስትደውሉም "ደህና ነኝ" ብቻ አትበሉ። እናት እንደሆነች ከድምፃችሁ ታውቃለች።

ተመልሰን ጊች

ጊች ዛሬ እንደ ድሮው አይደለችም። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1969 ተቋቋመ፤ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ፤ በ1996 ደግሞ አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገባ። እርሻና ግጦሽ ዋልያውንና ቀይ ቀበሮውን እያጠፋ ነው ተብሎ፣ በ2016 የጊች መንደር ሰዎች፣ 250 ያህል አባወራዎች፣ ከተራራው ወርደው ደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደረገ። በሚቀጥለው ዓመት ፓርኩ ከአደጋ መዝገቡ ወጣ። ለተፈጥሮ ጥበቃ ትልቅ ዜና ነበር።

ሰዎቹስ? ገብስ ሲዘራ፣ በግ ሲያግድ የኖረ አባወራ ከተማ ዳር ቤት ተሰጥቶት ሲቀመጥ ውስጡ ምን ይሰማዋል? ተራራው ላይ የአያቶቿን መቃብር ትታ የወረደች አሮጊትስ? በ20ዎቹ ጥያቄዎች "አዎ" የሚሉት ስንቱን ነው? ደግሞስ ጥያቄዎቹ የእነሱን ኀዘን በትክክል ይይዙታል ወይስ የደባርቅና የዳባት ሰው ለኀዘኑ ሌላ ቃል አለው?

ይህን ለመጠየቅ እንደ ሐኪም ወርቅነህ ተወስዶ መሄድ አያስፈልግም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሳይካትሪ ትምህርት ክፍል አለው፤ ደባርቅ ራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት። ውጭ ሄዳችሁ ብትማሩም መልካም ነው፤ ሂዱ። ግን ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ቀን ደባርቅ ውስጥ ከጊች ከወረዱት አንድ አባት አጠገብ ተቀመጡና "አባባ፣ አዲሱ ቤት እንዴት ነው?" ብላችሁ ጠይቋቸው። ሳታቋርጡ አዳምጡ። የሚነግሯችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሩቅ አገር ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስትቀመጡ የምታነቡትን ነገር የምትፈትኑበት እሱ ነው።